በቀትር የማይረገጠው ሜዳ

ትናንት ከቤቴ ስወጣ የኖራ ሽታ ተቀበለኝ። ሁለት ወጣቶች ሜዳችን ላይ ገመድ ወጥረው በኖራ ያሰምራሉ። ሕንፃ ሊቆምበት ነው አሉ። አንደኛው አሳዳጊ የበደለው አይደለም፤ ጎንበስ ብሎ ሰላም ካለኝ በኋላ፣ «እማማ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ መሬት እኮ ነው» አለኝ። ዝም ብሎ የተቀመጠስ አይደለም። እስቲ ቁጭ በልና ላጫውትህ።

በጣሊያን ጊዜ ነፍስ ያላወቅኩ ልጅ ነበርኩ። ቤታችን ከልደታ ማርያም ዝቅ ብሎ፣ ከዚሁ ሜዳ ጥግ ነበር። ጠዋት ላሞች ይግጡበታል፣ አመሻሽ ላይ እኛ ልጆች እንቦርቅበታለን። ቀትር ላይ ግን ማንም አይረግጠውም። ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ወፉ ሁሉ ጭጭ ይላል፣ ሣሩ ብቻ ያለ ነፋስ ይንሿሿል። የቀትር ጋኔን የሚወጣው ያኔ ነው እየተባለ ሰፈርተኛው በሩን ይዘጋ ነበር።

አባቴ በዚያ ክረምት ቤት አልነበረም። እናቴ አገር ቤት ሄዷል ትለኛለች፤ ለጠየቃት ሁሉ መልሷ ያው ነው። ከጎረቤት ጋር ትስቃለች፣ ነጠላዋን አሳምራ ትለብሳለች። እኔም ከአገር ቤት ማር ይዞልኝ እንዲመጣ እጠብቅ ነበር።

አንድ ቀን ቀትር ላይ እናቴን ከቤት አጣኋት። በበሩ ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ፣ ሜዳው መሀል ነጭ የለበሰች ሴት ቆማለች። አትነቃነቅም። ጥላዋም አይታይም። ዞር ስትል ግን እናቴ ነበረች፣ ነጠላዋንም አዘቅዝቃዋለች። ነጠላ የሚዘቀዘቀው ሰው ሲሞት እንደሆነ የማያውቅ ልጅ የለም። አባቴ አገር ቤት አለመሄዱን ያወቅኩት እንዲህ ነው። በራችን ላይ ስትደርስ ነጠላዋን መልሳ አስተካከለችና ራበሽ ወይ አለችኝ። አዎ አልኳት።

በኋላ እንደነገረችኝ፣ ጣሊያኖች ገድለው መንገድ ላይ ጥለውት አንስታ እዚያ ቀብራዋለች። የአርበኛ ሚስት መሆኗ ከታወቀ ቤታችን ይቃጠላል። ስለዚህ ሰው በማይወጣበት ሰዓት ታለቅስለት ነበር።

ክረምቱ እንደወጣ ጣሊያኖች ለሰዎቻቸው ቤት ሊሠሩበት ሜዳውን በኖራ አሰመሩት። መስመሩ እናቴ በምትቆምበት ቦታ ላይ ያልፋል። ከቆፈሩት አባቴ ይወጣል፣ ከወጣ ደግሞ የቀበረው ይፈለጋል። እናቴ ያን ሰሞን እህል አልቀመሰችም።

ቆፋሪዎቹ የጌጃ ሰፈርና የአብነት ሰዎች ነበሩ። ቁፋሮው የተጀመረ ዕለት ካቦው፣ ጣሊያኑ፣ በቀትር አናርፍም አላቸው። ትንሽ ቆይቶ የዶማው ድምፅ ቀጥ አለ። ሰዎቹ ዶማቸውን እየጣሉ ሲሮጡ፣ አንድ ሽማግሌ እኛ ቤት ገብቶ ውሃ ለመነን። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት መስመሩ ላይ ቆማ አየን አለ። ካቦው ጮኸባት፣ ንቅንቅ አላለችም። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲገልጡ የለችም።

እናቴ ግን ያን ቀትር ከእኔ ጋር ምስር ስትለቅም ነበር።

እጇ ሰፌዱ ላይ ቀረ። የፈራች መስሎኝ ተጠጋኋት። ሽማግሌው ከወጣ በኋላ እንባዋ እየወረደ፣ «ለካ ብቻዬን አይደለሁም» አለች።

ከዚያ ወዲያ ሜዳውን የሚቆፍር ሰው ጠፋ፤ ጣሊያኖቹም ቤታቸውን ሌላ ቦታ ሠሩ። ነፃነት ሲመጣ ሴቶች እየመጡ የእኔም ሰው እዚህ ነው አሉ። አጥንቱን ለይቶ ማውጣት ስላልተቻለ ሰፈርተኛው ሜዳው ሳይነካ እንዲኖር ተስማማ። ያን ቀትር የቆምኩት እኔ ነኝ ያለች ግን አንዲትም አልነበረችም።

እነዚያ ሴቶች ዛሬ የሉም፣ እናቴም የለችም። ለወጣቶቹ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። አዘኑልኝ፤ ገመዱን ግን አልሰበሰቡም። እኔም ዛሬ ቀትር ላይ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ወጣሁና መስመሩ ላይ ቆምኩ። የሰፈሩ ልጆች አይተውኝ እየጮኹ ሸሹ። አይዟችሁ ልላቸው አሰብኩና ተውኩት። ከኋላዬ ሣሩ ያለ ነፋስ ሲንሿሿ ሰማሁ። ዞሬ አላየሁም፤ ትንሽ ጠጋ ብዬ ቦታ ለቀቅኩላት።