ለተቀመጠ ሰው የዘፈኑት ጋሼ ደምሰው

ጋሼ ደምሰውን በዚህ ሳምንት ቀበርናቸው። እዚህ በስደት አገር፣ በማሪቢርኖንግ ሰፈር አውቶቡስ ሲነዱ የምታውቋቸው፣ በኬንሲንግተን ሕንፃዎች የተጎራበታችኋቸው፣ በየሠርጉ «ደግሞ ጊታራቸውን ይዘው መጡ» እያላችሁ የቀለዳችሁባቸውም ጭምር መርዶውን ሰምታችኋል። እኔ አልበማቸውን በጋራዤ የቀዳሁላቸው ወዳጃቸው ነኝ። ስለ እርሳቸው የተወራ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ሳላቃና ዝም ማለት አልችልም።

ጋሼ የሚዘፍኑት ካንትሪ የሚባለውን የገጠር ዘፈን ነበር። በወጣትነታቸው ከሬዲዮ የለመዱትን ያን የፈረንጅ ዜማ በገዛ አማርኛቸው ይገጥሙለት ነበር። እስክስታ አያስመታም ሲባሉ አይከፉም። «ለሚጨፍረው ዘፋኝ ሞልቶለታል፤ እኔ ለተቀመጠው ነኝ» ይሉ ነበር።

አልበሙን የሠራነው ታርኔት፣ እኔ ቤት ነው። ቅዳሜ ከሺፍት ሲወጡ ዩኒፎርማቸውን ሳያወልቁ ይመጣሉ፤ መኪናዬን አውጥተን፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅለን እንቀዳለን። አንድ ቀን በዘፈኑ መሐል ጎረቤቴ የሳር ማጨጃውን አስነሳ። ድምፁ ገባብን። እንደገና እንቅዳ ብላቸው፣ «ተወው ልጄ፣ እሱም የሰፈር ሰው ነው፤ ይግባ» አሉ። ዛሬም እዚያው ዘፈን ውስጥ አለ።

ሲዲው ሲወጣ፣ ምን ልዋሽ፣ አቀባበሉ ቀዝቃዛ ነበር። የጋሼ ምኞት ግን አንድ ብቻ ነበር፤ በሰፈራቸው አዳራሽ አንድ ጊዜ ሰው ፊት መዝፈን። ታመው ነበር፤ ሐኪሙም ድምፃቸው ብዙ እንደማይቆይ ነግሯቸዋል። ይህን የምናውቀው ባለቤታቸውና እኔ ብቻ ነበርን። ቶሎ ብለን የኬንሲንግተኑን አዳራሽ ቡክ አደረግን።

በዚያው ሳምንት፣ ከአዳራሹ በላይ የሚኖሩት የእትዬ አስካለ ባለቤት አረፉ። ጋሼ ወዲያው ዝግጅቱን ሰረዙ።

«ጋሼ፣ ሐኪሙ ያለውን ረሱት እንዴ? ሌላ አዳራሽ እንያዝ» አልኳቸው።

«አልረሳሁም። ጎረቤቴ ሐዘን ተቀምጣ እኔ የትም ሄጄ አልዘፍንም። አርባው ይውጣ። መታመሜንም እንዳትሰማ፤ በሐዘኗ ላይ የእኔን አትጨምርባት።»

ሰዉ ግን «ቲኬቱ አልሸጥ ብሏቸው ነው» አለ። እኔ ስቃጠል እርሳቸው ይስቁ ነበር። አርባው ሲወጣ ድምፃቸው ሄዷል።

ለቅሷቸውን የተቀመጥነው በዚያው አዳራሽ ነው። በለቅሶ ቤት ዘፈን አይከፈትም፤ አልከፈትንም። እትዬ አስካለ ለባላቸው የለበሱትን ጥቁር ሳያወልቁ መጡ። እውነቱን የጋሼ ባለቤት ነግረዋቸው ነበር። መሐል ቆመው፣ ከአልበሙ አንዱን ግጥም ያለ ዜማ፣ እንደ ሙሾ አወረዱት፦

«ወንበሬን አታንሺው፣ ተይው በቦታው፣
መንገድ ረዝሞ እንጂ፣ መች ቀረሁ ለማታው።»

ቲኬት አልተሸጠም ያሉትም እዚያው ነበሩ፤ አቀርቅረው ሰሙ። እኔ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ጋሼ ደምሰው፣ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ማንም አልጨፈረም፤ ሁሉም ተቀምጦ ነው የሰማዎት። ፈጣሪ ነፍስዎን ያሳርፍልን። ወንበርዎ ጋራዡ ውስጥ እንዳለ ነው፤ መኪናዬ ደጅ ይደር።