ቬርና ትሬስክ ያላስነካችው ባንኮኒ

ቬርና ትሬስክ የተወለደችው ከመጠጥ ቤቱ በላይ ባለው ፎቅ ነው። ቤቱን አያቷ የሠራው ኮልድ ፎርክ የምትባለው የማዕድን ከተማ ገና የድንኳን ሰፈር ሳለች፣ ብር ፈላጊው ሁሉ በበቅሎ በሚጎርፍበት ዘመን ነበር። ረጅሙን ባንኮኒ ከባቡር ጣቢያ በጋሪ ሲያስመጣ ሁለት በቅሎዎች ገደል ገብተውበታል ይባላል።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አባቷን እያገዘች መጠጥ ትቀዳ ነበር። ኤምሊን ፔንሄል የሚባል ማዕድን ቆፋሪ ከሥራ በወጣ ቁጥር ከባንኮኒው ጫፍ፣ ከምድጃው አጠገብ ይቆማል።

"ዛሬም አንዷን ብርጭቆ ይዘህ ልታመሽ ነው?" ትለዋለች።

"ሁለተኛውን ከጠጣሁ ለሠርጉ ምን ይተርፈኛል?"

"የማን ሠርግ?"

"የኔና ያንቺ ነዋ! ቀስ በይ፣ አባትሽ ይሰማል።"

"ሰምቻለሁ!" አለ አባቷ ከወዲያ። "መጀመሪያ ያን ጢምህን ተላጭ!" ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

ሠርጉ ለሰኔ ተቆረጠ። በሚያዝያ የማዕድን ጉድጓዱ ውስጥ እሳት ተነሣና አሥራ አራት ሰዎች በጭስ ታፍነው ሞቱ። ያን ሁሉ ሬሳ የሚችል ሰፊ ክፍል ከመጠጥ ቤቱ በቀር ስላልነበረ ወደዚያ አመጧቸው። ወለሉ ሲሞላ ኤምሊንን ባንኮኒው ላይ አስተኙት። ሴቶቹ ቬርናን ወደ ፎቅ ሊወስዷት ቢታገሉም እምቢ አለች። ውሃ አሙቃ ከአሥራ አራቱም ፊት ላይ ጥቀርሻውን አጠበች። የእሱን መጨረሻ ላይ አደረገችው።

"ሌሎቹን ሳጥብ እሱ ለኔ ገና አልሞተም ነበር" ብላኛለች፣ ከብዙ ዓመት በኋላ።

አላገባችም። አባቷ ሲሞት ቤቱን ያዘች። እኔ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ስመጣ ሃምሳ ዓመት አልፏት ነበር። በዚያ የባንኮኒ ጫፍ ላይ እንግዳ ሰው ክርኑን ሲያሳርፍ፣ "ወዲህ ጠጋ በል፣ የኔ ጌታ፤ እዚያ ሰው አለ" ትለዋለች። የአገሩ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።

ማዕድኑ ተዘጋ፤ ትምህርት ቤቱም ተከተለ። አንድ ጊዜ ከላስ ቬጋስ አንድ ባለሆቴል ባንኮኒውን ሊገዛ መጣ።

"እመቤቴ፣ ይሄ እኮ እንጨት ነው!"

"ሚስትህም ሥጋ ናት። ሽጥልኝ ብዬሃለሁ?"

ሰውየው ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ።

ሰባ ሁለት ዓመት በሞላት ጊዜ፣ በነሐሴ እኩለ ቀን ላይ፣ የቤቱ አሮጌ የመብራት ሽቦ ተገናኝቶ እሳት ተነሣ። የእሳት አደጋ መኪና ከጎረቤት ከተማ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። በከተማው የቀረነው አሥራ ሰባት ሰዎች ባልዲ እየተቀባበልን ውሃ ብንደፋም ዋጋ አልነበረውም። ቬርና ከሕፃንነቱ ጀምሮ የምታውቀው መካኒኩ ዱዊ ማዶክስ እርጥብ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መጣ።

"ሚስ ቬርና፣ ባንኮኒውን በሰንሰለት አሥሬ በመኪና ልጎትትልዎት! ጣሪያው ገና አልተነካም!"

ሁላችንም ቶሎ በል የምትለው መስሎን ነበር። እሷ ግን ሸሚዙን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘችው።

"እንዳትገባ።"

"ይቃጠላል እኮ!"

"ይቃጠል! ያንተንም ፊት እንዳጥብ ነው የምትፈልገው?"

ዱዊ ብርድ ልብሱን ጣለ። ብዙም ሳይቆይ ጣሪያው ተደረመሰ። ቬርና ሸሚዙን ሳትለቅ "ኤምሊን" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አጠገቧ ያለ ሰው እንደምትጠራ።

ከኔ ጋር ስድስት ወር ኖረች። ጠዋት ጠዋት መጠጥ ቤቱን ልትከፍት ጫማዋን ታሥርና፣ መቃጠሉ ትዝ ሲላት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች።

በየካቲት ሞተች። መሬቱ በበረዶ ደርቆ ዱዊ መቃብሯን በማሽን ነው የቆፈረው። ከኤምሊን አጠገብ ቦታ አልነበረም፤ በግራም በቀኝም አብረውት የሞቱት ጓደኞቹ ተቀብረዋል። ከመቃብር ስፍራው አጥር ሥር፣ ብቻዋን ቀበርናት።