ያልተሳለምኩት መስቀል

ላስታ ውስጥ ሙጃ ከተማ አስተማሪ ሆኜ ስድስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። ዘመኑ ደርግ ነው። አብረውኝ ከተቀጠሩት አንዱ ርዕሰ መምህር ሆኗል፣ ሌላው አውራጃ ትምህርት ቢሮ ገብቶ ወንበር ይዟል። እኔ ያው ጠመኔዬን ጨብጬ ሦስተኛ «ለ» ክፍል። ሻይ ስንጠጣ «አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው የምትነቃው?» ይሉኛል። ይስቃሉ። እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን እርር ድብን ይላል። ጭራሽ ምግብ አልበላልህ አለኝ።

የእኛ ርዕሰ መምህር ሊዛወር ነው ተባለ። ቦታውን የምንፈልግ ሁለት ነን፤ እኔና የሂሳብ አስተማሪው። ዕድገት የሚፈልግ ሰው ደግሞ የፓርቲ ፎርም መሙላት ነበረበት። ፎርሙ ላይ «የአባት ሥራ» ይላል። አባቴ ነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን የሚቀድሱ ቄስ ናቸው። «ገበሬ» ብዬ ጻፍኩ። ያርሳሉ እኮ! ውሸት ነው እንዴ? እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ።

ፎርሙን ባስገባሁ በሳምንቱ አባቴ ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት በእግራቸው አቋርጠው፣ በሶ በአቁማዳ ይዘውልኝ ከተፍ አሉ። ሰዓቱ ዕረፍት ነው፤ አስተማሪው ሁሉ ግቢ ውስጥ ቆሟል፣ ከወረዳ የመጣው የፓርቲ ኃላፊም አለ። አባቴ ፊታቸው በርቶ መስቀላቸውን ዘረጉልኝ። ላስታ ውስጥ ቄስ መስቀል ከዘረጋ ጎንበስ ብሎ መሳለም ነው፣ ሌላ ነገር የለም። እኔ ግን ኃላፊው ሲያየኝ ጊዜ ደነገጥኩና እጃቸውን ጨበጥኩ።

«ጤና ይስጥልኝ አባት» አልኩ። ወይ እኔ!

«ማናቸው?» አለ ኃላፊው።

«የአገር ሰው ናቸው።»

አባቴ አንዴ አዩኝ። «አዎን፣ የአገሩ ሰው ነኝ» አሉና አቁማዳውን እግሬ ስር አስቀመጡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሊወጡ ሲሉ የሂሳቡ አስተማሪ ኮፍያውን አውልቆ ጎንበስ አለና በግንባሩም በከንፈሩም ተሳለመ። በቃ አለቀልህ፣ አልኩት በሆዴ። ደስ እንዳለኝ አልደብቅም።

ሹመቱን ያገኘው እሱ ነው።

ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ ወደ አገሬ ወረድኩ። ሹመት የለ፣ አባት የለ፤ መኖሬም አስጠልቶኝ ነበር። አባቴን ከቤተ ክርስቲያኑ በታች መንገድ ላይ አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙና ግራ ቀኙን ቃኙ። የመጣሁበትን መንገድም አሻግረው አዩ።

«ከመሥሪያ ቤትህ አብሮህ የመጣ ሰው አለ?»

«የለም አባባ። ብቻዬን ነኝ።»

መስቀሉን ከጋቢያቸው ስር አወጡ።

«ቶሎ በል እንግዲህ» አሉኝ።