የሰረቅኩት አነካከስ

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን እግር ነው። ክፍሏ በእግር ተሞልታለች፤ የተዘረጋ፣ የታጠፈ፣ ሌላው ላይ የተጫነ። ጸረ ሕዝብ ተብዬ እስር ቤት ስገባ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ወንጀሌ ወረቀት መበተን ነው፤ ወረቀቱን እንኳ አላነበብኩትም።

ከሙቀቱ የተነሳ ግድግዳው ያልበው ነበር። አየር የሚገባው በበሩ ስር ባለች ስንጥቅ ብቻ ነው። እዚያ አንድ መምህር ተኝተዋል። እግራቸው አንዳንድ ቀን ይታዘዛቸዋል፣ አንዳንድ ቀን እምቢ ይላል። ሕመሙን እሳቸውም አያውቁት፣ እኛም አናውቀው። ቦታውን የሰጣቸው እስረኛው የመረጠው አለቃ፣ ካቦው ነው።

ጠዋት ጠባቂዎቹ ቆጥረውን ሲወጡ መምህሩ የራሳቸውን ቆጠራ ይጀምራሉ።

«ቀኝ እግር?»

«አለሁ!» ይላሉ ራሳቸው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው።

«ግራ እግር?» ዝም። «ግራ እግር ዛሬ ቀርቷል። ዓይን?»

«አለሁ፣ ጭጋግ ሆነብኝ እንጂ!»

ክፍሉ ይስቃል። እኔ አልስቅም። በስንጥቋ ቀናሁ፣ በሳቁ ቀናሁ። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን እግር እየከዳቸው እንደዚያ መረጋጋታቸው ነው። እኔ ሁለት ሙሉ እግር ይዤ ቁልፍ በተንቃጨለ ቁጥር እንቀጠቀጣለሁ።

ስለዚህ ማንከስ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን ካቦው አመነኝ። «በየተራ ይሁን፤ ዛሬ ልጁ በሩ ስር ይዋል» አለ። መምህሩ ብርድ ልብሳቸውን ጠቅልለው ግድግዳውን ይዘው ሲያልፉ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ትናንት የምትጎትተው ቀኙን ነበር። አንዱን ምረጥና ያዝ።»

ለማንም ግን አልተናገሩም።

አፍንጫዬን ስንጥቋ ላይ ደቅኜ ዋልኩ። እሳቸው መሃል፣ የሰው ላብ ውስጥ ነበሩ። የከሰዓቱ ቆጠራ ሲደርስ ሁለቱም እግራቸው እምቢ አለ። ጠባቂው «ተነስ!» አለ። ሁለት ሰዎች በብብታቸው ገብተው አቆሟቸው። ጠባቂው ሲወጣ ሁሉም ከበባቸው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ በዚያችም ሰዓት በመከበባቸው ቀናሁ።

«ጋሼ፣ አይፈሩም?» አልኳቸው።

«እፈራለሁ እንጂ! ሙቀት ነው የሚጥለኝ። ነገ እግሬ ጭራሽ ባይነሳስ እላለሁ። ጮክ ብዬ የምቆጥረው ለዚህ ነው፤ ዝም ስል ይብስብኛል።»

ተነሳሁ። በእግሮቹ መሃል እየረገጥኩ፣ ከበሩ እስከ ግድግዳው ቀጥ ብዬ ሄጄ ተመለስኩ።

«ካቦ፣ ድኛለሁ።»

«ስንጥቋ ላይ ጠበል አለ እንዴ?» አለ ካቦው። ፊቴ ጋለ። ብርድ ልብሳቸውን በገዛ እጄ በሩ ስር አነጠፍኩላቸው።

የዚያን ሕመም ስም የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አሜሪካ፣ አትላንታ ውስጥ፣ የራሴ ሲሆን ነው፤ መልቲፕል ስክለሮሲስ። በእርግጥ የመምህሩ እሱ ይሁን አይሁን ማን ያውቃል። ሐኪሟ የነርቭ ሽፋን እንደሚጎዳ፣ ሙቀት እንደሚያባብሰው ስትነግረኝ ግን ትዝ ያለችኝ ስንጥቋ ናት። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ደግሞ ድብርቱና ጭንቀቱ ከሕመሙ ብቻ እንደማይመጣ ነገረችኝ፤ ሰው ለራሱ የሚነግረውና ከሰው የሚደብቀውም ይጨምርበታል። አንገቴን ደፋሁ። ያኔ ደህና እግር ይዤ አነከስኩ፤ ዛሬ እያነከስኩ ለልጄ «ደህና ነኝ» እላለሁ። በሁለቱም ትወና ተይዣለሁ፤ ያኔ በመምህሩ፣ አሁን በእሷ። አትላንታ ዳር፣ ስማይርና ባለው ቤታችን መስኮት ስር ውሻ በሚያንሸራሽሩ እኩዮቼ እቀናለሁ። በውሻውም እቀናለሁ፤ እሱ አራት አለው።

ባለፈው ሐምሌ ልጄ ከቀጠሮ መልሳኝ ደጃችን ፓርክ አደረገች። የኤሲውን ቀዝቃዛ አየር ወደ እኔ አዞረችው።

«አባዬ፣ እግርህ እንዴት ነው? ኦኬ ነህ?»

«ደህና» ልል አፌን ከፈትኩ።

«ቀኝ እግር አለ» አልኩ። «ግራው ዛሬ ቀርቷል።»

ሞተሩን አጠፋች። ከዚያ ዞራ መጥታ በሬን ከፈተችና ክንዷን ሰጠችኝ። ያዝኩት።

በመምህሩ ዛሬም እቀናለሁ። እሳቸው ሲቆጥሩ ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም ነበር።