አባቴ የጠበቃት ጨረቃ

የማይን ወንዝ ሲመሽ የራሱ ሽታ አለው፤ የረጠበ ቅጠል፣ የመርከብ ናፍጣና ከፌኸንሃይም ፋብሪካዎች የሚመጣ ሳሙና ሳሙና የሚል ነገር የተቀላቀለበት። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ድልድዩ ላይ ድንገት ሸተተኝና አንገቴ ሳላዘው ወደ ምዕራብ ዞረ። ልጅ ሳለሁ በዚያ ሽታ ውስጥ ቆመን ጨረቃ እንፈልግ ነበር።

ፍራንክፈርት ስመጣ አስራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ፊደልም አልቆጠርኩም። ወሎ አክስቴ ዘንድ ትተውኝ የመጡት አባቴና እናቴ አስመጥተውኝ ትምህርት ቤት ሲያስገቡኝ፣ በቁመት ከምበልጣቸው ልጆች ጋር ተቀመጥኩ፤ በመጽሐፍ የሰፈረ ነገር ዘግይቶ ስለደረሰኝ እንደ ሌሎቹ ልጆች አልቀልድበትም ነበር።

ያኔ ረመዳን በብርዱ ወራት ይውል ነበር። የጾሙ መጀመሪያና መጨረሻ ሲቃረብ እናቴ ደራርባ አልብሳኝ ከምንኖርበት ከሪደርቫልድ ሰፈር በትራም ትልከኝና፣ ፌኸንሃይም መጋዘን ውስጥ ከሚሠራው አባቴ ጋር ወንዙ ዳር እንገናኝ ነበር፤ አዲሷን ጨረቃ በዓይኑ ሳያይ ጾም አይጀምርም፣ በዓይኑ ሳያይም አይፈታም ነበርና። በሃያ ዘጠነኛው ቀን ማታ ካላያት ሠላሳ ይሞላል። መስጊዱ ቀኑን ከወራት በፊት አትሞ ያድላል፣ ከሀገር ቤት ስልክ ይደወላል፣ የምናውቀው ሐበሻ ሙስሊም ሁሉ በአንድ ቀን ዒድ ይውላል፤ እኛ ግን ሰማዩ በደመነ ቁጥር ከሰው ተለይተን በማግስቱ እንውል ነበር።

በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ጎረቤታችን ጋሼ ደረጀም አብረውን ይመጡ ነበር። በተማሪነታቸው ከሀገር ወጥተው የቀሩ መሐንዲስ ናቸው፤ ክርስትና ተነስተው ቢያድጉም፣ እሳቸው ጡረታ ሳይወጡ ሃይማኖት ከዓለም እንደሚጠፋ አጥብቀው ይናገሩ ነበር።

«ኡመር፣ ዛሬስ ቴርሚን ሰጠችህ?» ይሉታል አባቴን፤ በጀርመንኛ ቀጠሮ ማለታቸው ነው።

«ቴርሚን የምትሰጠው ላንተ ዓይነቱ ነው። ለእኔ ደስ ባላት ጊዜ ትመጣለች።»

«ይቺ ልጅ ጉንፋን ቢይዛት ጥፋቱ የጨረቃ ነው ያንተ?»

«አንተን ማን ና አለህ?»

«ልስቅብህ ነው የመጣሁት» ይሉና፣ ከሁላችንም በላይ አንገታቸውን አስግገው ያዩ ነበር።

ረመዳን በየዓመቱ ወደኋላ እያፈገፈገ ቅጠል በሚረግፍበት ወር ላይ ሲደርስ፣ እኔም ማስላት ችዬ ነበር። ከቤተ መጻሕፍት ስለ ጨረቃ ዑደት የተጻፈ መጽሐፍ ተውሼ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በየትኛው ምሽት ምን ያህል እንደምትቆይ አውጥቼ ለአባቴ አሳየሁት። አገላብጦ አየና «ጎበዝ» ብሎ መለሰልኝ። በዚያው ዓመት ጊምናዚዩም ወደሚባለው ከፍተኛ ትምህርት ቤት የሚያሻግረኝ የቃል ፈተና ነበረብኝ፤ ዕድሜዬ ስለገፋ ሁለተኛ ዕድል እንደማይኖር ነግረውን ነበር። አስተማሪዬ ደግ ሴት ስለነበረች አባቴን አስጠርታ፣ ፈተናው ሰኞም ማክሰኞም ሊሆን ስለሚችል በዓላችን የትኛው ቀን እንደሆነ ጠየቀችው። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

«ሰኞ ወይ ማክሰኞ በያት።»

«አባባ፣ አንዱን ንገረኝ። እሱን እኮ ነው የጠየቀችህ።»

«ሳላያት ምን ልበላት? ልዋሽ?»

አስተማሪዬ ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች። ስሌቴም መስጊዱም ዒድ ሰኞ ነው ይሉ ስለነበር፣ ፈተናዬን ማክሰኞ እንድታደርግልኝ ነገርኳት። አባቴ አልተቃወመም።

እሑድ ማታ ወንዙ ዳር ስንቆም የፎቆቹ አናት እንኳ በደመና ተውጦ ነበር። ሰዓቴን አይቼ፣ «አሁን እዚያ ናት፣ ከረጅሙ ፎቅ በስተግራ፤ ደመናው ነው የጋረዳት» አልኩ።

«ስሌትሽ ልክ ነው» አለ አባቴ። «ማን ተሳስተሻል አለሽ?»

«ታዲያ ነገ ለምን እንጾማለን?»

«አላየናትማ።»

ጋሼ ደረጀ ያግዙኛል ብዬ ዞር ብል፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ደመናውን ያያሉ።

ማክሰኞ፣ በዒዳችን ቀን፣ እናቴ ተኩሳ የሰቀለችልኝን አዲስ ቀሚስ በር ላይ ትቼ ወደ ፈተና ሄድኩ። አባቴ «ሂጂ፣ አላህ ይርዳሽ» ብሎኝ ሳሎን ውስጥ ከእናቴ ጋር ብቻቸውን ሰገዱ። ፈተናውን አለፍኩ። የአባቴን ነገር ግን ያለመማር ውጤት ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ትንሽ ትምህርት ቢያገኝ የሚለቀው መስሎኝ ነበር።

ረመዳን የበጋው ሙቀት ውስጥ ሲገባ እኔ ፊዚክስ እየተማርኩ ነበር፣ መጾምም ትቼ ነበር። ፀሐይዋ አልጠልቅ እያለች፣ አባቴ በደረቀ ከንፈር ካርቶን ተሸክሞ ውሎ ሲመለስ ሳየው እበሽቅና፣ ሰው በዚህ ዘመን ለምን እንደሚያምን የሚያብራራ መጽሐፍ ሁሉ አነብ ነበር። አንዱ የሞት ፍርሃት ነው ይላል፤ አባቴ ሞትን ሲፈራ አላየሁትም። ሌላው ከማኅበር ላለመለየት ነው ይላል፤ እሱ ግን በዚያችው ጨረቃ ሰበብ ከመስጊዱ ሰዎች ጋር ተኳርፏል። ልማድ ነው እንዳልል፣ ሀገር ቤት ሳለ ሬዲዮ በነገረው ቀን ነበር የሚጾመው፤ ጨረቃ መፈለግ የጀመረው እዚህ መጥቶ ነው። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ «እዚህ ሁሉም ነገር አስቀድሞ የታወቀ ነው። አንድ የምጠብቀው ነገር ይኑረኝ» አለኝ።

«ይሄ መልስ ነው?»

«ላንቺ አይደለም።»

ዘንድሮ ጾሙ ያለቀው ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ ነው። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ኦይሮፓፊርቴል የሚባለው ሰፈር እኔ ዘንድ ይኖራል፤ ዓይኑ ደክሟል። በሃያ ዘጠነኛው ምሽት ክንዴን ይዞ በረንዳው ላይ ወጣና «እስቲ እዪልኝ» አለኝ፤ ለዓመታት እንዳልጾምኩ እያወቀ። ልጄ ከውስጥ በጀርመንኛ፣ ነገ ዒድ እንደሆነ ሁሉም ቦታ ተጽፏል፣ ብርዱ ውስጥ ምን ታደርጋላችሁ አለች። ስልኬም ጨረቃዋ ያለችበትን አቅጣጫ ያሳያል። ሰማዩ ግን ድፍን ነበር።

«አየሻት?»

«አለች» ብዬው ቢሆን ውሸት አልነበረም፤ እዚያው ነበረች። የጠየቀኝ ግን እሱን አልነበረም።

«አላየሁም፣ አባባ።»

«እንግዲያው ሠላሳ እንሞላለን» ብሎ ግድግዳውን እየዳበሰ ገባ።

እኔ ውጭ ቀረሁ። ልጅ ሳለሁ ወንዙ ዳር የምናደደው በአባቴ ነበር። ያን ምሽት ግን ነገም በዚያ ዕድሜው ሳይበላ እንደሚውል እያሰብኩ፣ የት እንዳለችም በትክክል እያወቅኩ፣ በደመናው ተናደድኩ፤ ብርዱ እስኪያስገባኝ ድረስም ይገለጥ እንደሆነ ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ።