ነጎድጓድ የሚያሰማው ሰውዬ

ከቴአትር ቤቱ መድረክ ጀርባ፣ ከተንጠለጠለ ሰፊ ቆርቆሮ አጠገብ፣ ክራባት አስሮ የሚቆም አንድ ሸበቶ ሰውዬ አለ። ተመልካች አያየውም፤ እሱ ግን ጫማውን ሳይወለውል መጥቶ አያውቅም። ሥራው ቆርቆሮውን እየነቀነቀ ነጎድጓድ ማሰማት ነው። ሚስቱን "ባልሽ ምን ይሠራል?" ሲሏት፣ "ያንጎዳጉዳል፤ ቤት ሲገባ ግን ድምፁም አይሰማም" ትላለች።

ዛሬ ወጣቷ መሪ ተዋናይት መሀል ላይ ቃሏ ጠፋባት። ሰውዬው አንጀቱ አልችል አለና በድርሰቱ ውስጥ የሌለ ነጎድጓድ ለቀቀ። መብራት የሚቆጣጠረው ጎልማሳም ነገሩ ገብቶት መብረቁን አከታትሎ ብልጭ ድርግም አደረገው። እናቷን ሆና የምትጫወተው አንጋፋ ተዋናይት ደግሞ፣ "ልጄ፣ ሰማዩ እንኳ መልስሽን እየጠበቀ ነው፤ ተናገሪ እንጂ!" አለቻት። ልጅቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ ቃሏም ተመልሶላት ቀጠለች። ሕዝቡ አዳራሹን በጭብጨባ አቀለጠው።

መጋረጃው እንደተዘጋ ልጅቷ ወደ ሰውዬው ሮጣ መጥታ ተጠመጠመችበት። "አባባ፣ ዛሬ እኮ ከጉድ አወጡኝ!"

እሱ ቀሚሷን እንዳያቆሽሽ አቧራማ እጆቹን ወደ ላይ እንዳነሳ፣ "ምን አወጣሁሽ የኔ ልጅ?" አላት እየሳቀ። "አንቺ ዝም ስትይ ተራው የእኛ ነዋ!"