የሥጋው ማቀዝቀዣ

አልታየች የአንኮበር ቄስ ልጅ ናት። አዲስ አበባ የላቦራቶሪ ሙያ ተምራ በ1950ዎቹ አጋማሽ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ስትቀጠር፣ አባቷ “ዕድሜሽን በሰው ደምና ዓይነ ምድር ልትጨርሺ ነው?” ብለው አዝነው ነበር። እሷን ግን ደምም ሰገራም ቀፏት አያውቅም። የቀፈፋት ከፋሲካ በአራተኛው ቀን ያየችው ነገር ነው።

ያን ዕለት ጠዋት ነሲባ የምትባል ወላድ ከአልዩ አምባ በቃሬዛ መጣች። ከወለደች ወዲህ ደሟ አልቆም ብሎ ከንፈሯ አመድ መስሏል። ሐኪሙ ዘርአ ዳዊት “ደም ቶሎ!” ሲላት አልታየች ደም ወደሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ሮጠች።

በሩ ገርበብ ብሏል። ብትከፍተው ዝንብ ግር ብሎ ወጣ። አንድ ሰው የበግ ሥጋ በጆንያ ጠቅጥቆበት በሩ አልገጥም ብሎ ከርሟል፤ ውስጡ ሞቋል። የሥጋው እዥ እዚያ ባለው አንድ የደም ጠርሙስ ላይ ተንጠባጥቦ ደርቋል። አፍንጫዋን ይዛ ጆንያውን ወደ ውጭ ጎተተች፤ ጠርሙሱን ጠረገችና ወደ መስኮቱ አነሳችው። ወደ ታች ከዘቀጠው ደም በላይ ያለው ፈሳሽ ቢጫ መሆን ሲገባው ጠቁሯል፤ አረፋም ይዟል። ጠብታ ቀድታ፣ መስተዋት ላይ ቀብታ፣ ቀለም ውስጥ ነክራ በማይክሮስኮፕ አየችው። ዘንግ ዘንግ የሚመስል ተሕዋስ ታጭቆበታል።

“የታለ ደሙ?” አለ ዘርአ ዳዊት በሩ ላይ ቆሞ።

“በስብሷል፣ ዶክተር። ይኼን ብንሰጣት እኛው ገደልናት።”

ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱን አጨማደደ። “ባሏን ጥሪው።”

ባሏ ያሕያ እጅጌውን እየሰበሰበ ገባ። “በአላህ፣ የፈለጋችሁትን ያህል ቅዱ!” ደሙ ከሚስቱ ጋር ተስማማ፤ ትኩሱን ሰጧት። ከሰዓት በኋላ ነሲባ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ለመነች።

የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊው ጋሼ ወልደአረጋይ የመጡት ይኼኔ ነው።

“ሥጋዬን ማን አወጣው?”

“ጋሼ፣ ሴትዮዋ በእርስዎ ሥጋ ልትሞት ነበር እኮ!” አለች አልታየች።

“ዳነች አይደል? ታዲያ ምን ያስጮኻል?” ጆንያውን ፈትተው አሸተቱ። “ደህና ነው፤ ቢታጠብ ይበላል።”

አልታየች ከሕንፃው ጀርባ ሄዳ አስታወከች። ሰውዬው ግን ምንም አልሆኑም፤ ከወር በኋላ በዕድገት ተዛወሩ። ያን ስትሰማ ዳግመኛ አንገፈገፋት። ማቀዝቀዣው ላይ ቁልፍ አስገጠመች፤ ከዚያ ወዲያም ጠርሙስ ሁሉ በእሷ ዓይን ሳያልፍ ታማሚ ዘንድ አልደረሰም። የበግ ሥጋ ግን እስከዛሬ ከአፏ አልገባም።